መብራት ሲመለስ የተጻፈ ስንብት

ፈዬራ ገመዳ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቢሮው ካለበት የጉርድ ሾላ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ዐሥር ዓመት የለፋበት የኦሮምኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሊታተም ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ በዐሥራ አንድ ከአርባ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ተገኘ፦ «በቃኝ፤ ማንንም አትውቀሱ።»

ሚስቱ የሺሃረግ ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተር ዘርትሁንን ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት።

«ልጆቼ ራሱን ያጠፋ ሰው ልጆች ተብለው አይደጉብኝ» አለቻት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ከፈዬራ ሌላ የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቅአየሁ፣ የኔትወርክ ባለሙያው ሀሚድና ጸሐፊዋ ናዲያ። ሦስቱም ከዐሥራ አንድ በፊት ወጣን ይላሉ። ናዲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ የፈዬራ ስም ወጥቶ የአቶ ወርቅአየሁ መግባቱን ለኢንስፔክተሯ ነገረቻት።

ዘርትሁን ያልገባትን መጠየቅ አታፍርም። ሀሚድን ያዘችው።

«ደብዳቤው የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። በናዲያ ኮምፒውተር ስከፍተው ግን የለም። አጥፍተኸዋል?»

«ኧረ አላጠፋሁም። የጋራ ፋይሎቻችን ያሉት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኛ ኮምፒውተሮች ቶሎ ይነሣሉ፣ ሰርቨሩ ይዘገያል። ፎልደሩ ሳይገናኝ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ትእዛዝ ጽፈን በእጃችን እናገናኘዋለን፣ ማውንት እንለዋለን፤ ያስተማረን ፈዬራ ነው።»

«ሳይገናኝ የተጻፈውስ?»

«እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ሌላው አያየውም።»

«ማክሰኞ መብራት ሄዶ ነበር?»

«የሰርቨሩ መዝገብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄዶ በሃያ ደቂቃው መጣ ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች፤ የሺሃረግም ነበረች። መብራቱን አስጠፍታ አስበራችና «እያንዳንዳችሁ ከጋራ ፎልደር አንድ ፋይል ክፈቱልኝ» አለች። ሀሚድና ናዲያ የማገናኛውን ትእዛዝ ጣታቸውን እንኳ ሳያዩ ጻፉት። አቶ ወርቅአየሁ ባዶውን ፎልደር ከፍተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ናዲያ ልታገናኝላቸው ስትነሣ ዘርትሁን ክንዷን ያዘቻት።

«ሁልጊዜ የምታገናኚላቸው አንቺ ነሽ?»

«ፈዬራ ነበር። አለቃ ይህን አይነካካም ይል ነበር።»

«ያዘነ ሰው ማገናኘት ይረሳል» አሉ አቶ ወርቅአየሁ።

«ይረሳል፤ ደብዳቤው የተጻፈውም ፎልደሩ ሳይገናኝ ነው። ግን ደብዳቤውን ሊያስቀምጥ ፎልደሩን ሲከፍት የዐሥር ዓመት ሥራው የለም። ፈዬራ ቢሆን ደንግጦ ወዲያው ያገናኘው ነበር። ሀሚድና ናዲያም ባዶ መሆኑን ሲያዩ እጃቸው በልማድ ይሠራል፤ አሁን አይታችኋል። ባዶ ፎልደር የማይገርማቸው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሰው እስኪመጣልዎት ለእርስዎ ሁልጊዜ ባዶ ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሳቸው አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላደረም። ላባቸውን ጠረጉ።

«ደረጃው ላይ የሽፋኑን ወረቀት ስንቀማማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

የሺሃረግ ወደ ዘርትሁን ዞረች።

«ራሱን አላጠፋም ማለት ነው?»

«አላጠፋም፣ እህቴ።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።