ከውቅያኖስ ሥር የመጣ ዳጉ

አባቴን እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ሎጊያ ባለው ምግብ ቤታችን፣ ሹፌሮች በሞሉበት፣ ጣሃን «ውሸታም!» አለው።

ጣሃ አፋር ነው። አሰብ ላይ በአንድ የወዳጅ አገር የጥናት መርከብ ተቀጥሮ፣ ሁለት ዓመት ውቅያኖስ ላይ ገመድ ሲጎትት ከርሞ መመለሱ ነበር። ምሳ ሊበላ ገብቶ ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ሳይርበውም ይመጣ ጀመር።

በአፋር አገር ሁለት ሰው ሲገናኝ ዳጉ ይቀባበላል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል። በዳጉ የዋሸ ሰው፣ ከሰው አይቆጠርም። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ከአዳይቱ ወደ ምግብ ቤታችን መጥተው ዳጉ ሲጠይቁት ጣሃ እንዲህ አለ፦

«ከውቅያኖሱ ሥር አህጉር አለ። ተራራ አለው፣ የወንዝ መውረጃ አለው። ድንጋዩን በእጄ ጎትቼ አውጥቻለሁ።»

አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጣሃ ሽማግሌ ሊልክብኝ ማሰቡንም ሰምቶ ነበርና ጨመረበት፦ «ለውሸታም የምሰጠው ልጅ የለኝም!»

ወሬው አሳይታ ድረስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጣሃን ዳጉ የሚጠይቀው ጠፋ። ሰላም ይሉትና ዝም ብለው ያልፉታል።

አገር ለቆ ሊሄድ ሲል ጓሮ መጣ። ገመድ የላጠውን መዳፉን አሳየኝ።

«አንቺስ መዲና፣ ታምኚኛለሽ?»

«አምንሃለሁ።»

«ለምን?»

«መዋሸት የፈለገ ወንድ ስለ ዓይኔ ነው የሚያወራው፤ ስለ ባሕር አይደለም።»

ሳቀ። በማግስቱ አዋሽ ሄዶ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሆነ።

በሰባተኛው ወር፣ በምሳ ሰዓት፣ ሬዲዮው ተናገረ፦ የወዳጅ አገር ሳይንቲስቶች ከውቅያኖስ ሥር የሰመጠ አህጉር አገኙ! «ጓድ ፕሮፌሰር፣ ጓድ ካፒቴን» እየተባለ ስም በተራ ተነበበ። ገመድ የጎተተው ግን ስም የለውም። ድንጋዩ በራሱ ዋኝቶ ወጣ?

አባቴ የያዘውን ጉርሻ መለሰው። «በይ እንግዲህ፣ ሽማግሌ ይላክ፤ እቀበላለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይኸው ነው?» በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም ነበር። «ስትሰድበው በሰው ፊት፣ ስትታረቀው በኔ ጆሮ? አላህ ፊትስ ምን ልትል ነው? አፍህ ያበላሸውን አፍህ ያቅናው! እስከዚያ አላገባም!»

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ምግብ ቤቱን ዘግቶ ጭነት መኪና ላይ ይዞኝ ወጣ። አዳይቱ ስንደርስ ያንን ሽማግሌ ፈልጎ፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ «ጣሃ እውነቱን ነው የተናገረው። የበደልኩት እኔ ነኝ» አላቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው አብረውን ተሳፈሩ።

አዋሽ ጣቢያ ጣሃን ጆንያ ተሸክሞ አገኘነው። ሽማግሌው እጁን ያዙና በሰው ሁሉ መሃል፣ «ዳጉ ንገረኝ» አሉት።

ጆንያውን አወረደ። ስለ አህጉሩ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ፣ እኔን እያየ ጀመረ፦

«ዛሬ መዲና ከሎጊያ መጥታለች። በዓይኔ አይቻታለሁ።»