ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ግን እድላዊት ራሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ።

ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ።

እድላዊት ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እናቷ ካረፉ ወዲህ በሯን ያንኳኳ ሰው የለም። በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጸሐፊ ናት። ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ትባላለች፣ ማታ "ደህና እደሩ" ብላ ትወጣለች... በቃ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከአውሮፕላን በፓራሹት ትዘላለች።

ሰው ሁሉ ደፋር ስለሆነች ይመስለዋል። እሷ የምትሄደው አሰልጣኙ ዘአማኑኤል ከመነሳታቸው በፊት ቀበቶዋን አንድ በአንድ እየፈተሸ "ጠበቀሽ? ተመቸሽ?" ስለሚላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበራትም።

የዘአማኑኤል ሕግ አንድ ነበር።

"የአቃቂ መሬት ራሱ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሜዳ ሁለት ሺህ ሜትር ወጥተን እንዘላለን። ከዚያ በላይ የለም። አየሩ ይሳሳል፣ እኛ ደግሞ ኦክስጅን አንይዝም።"

"ካለፍንስ?" ብላው ነበር አንድ ቀን።

"አያምሽም። ደስ ነው የሚልሽ። ክፋቱም እሱ ነው።"

የዚያን ቀን ሦስት ሆነው ተነሱ። እድላዊት፣ ዘአማኑኤል እና አብራሪው ካፒቴን ኦላና።

ሁለት ሺህ ሜትር ደረሱ። ከመቆጣጠሪያ ማማው "ሌላ አውሮፕላን እያለፈ ነው፣ ጠብቁ" ተባሉ። ካፒቴኑ መዞር ጀመሩ።

አንድ ዙር... ሁለት ዙር...

እድላዊት እጇ ላይ ያሰረችውን የከፍታ መለኪያ አየች።

ሁለት ሺህ አምስት መቶ።

ካፒቴኑ ያንጎራጉራሉ።

ሦስት ሺህ...

ዘአማኑኤል ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል።

ጓንቷን አውልቃ ጥፍሯን አየች። ሰማያዊ ሆኗል።

መፍራት ነበረባት... አልፈራችም። እንዲያውም ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላት የገባት ቆይቶ ነው።

ከጎኗ ሰው ተቀምጧል።

ጉልበቱ ጉልበቷን ነክቷል። ይሞቃል።

ቆጠረች። ካፒቴኑ... ዘአማኑኤል... እሷ... አራት።

እንደገና ቆጠረች። አራት።

ዞራ ልታየው አልደፈረችም። የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ሹክሹክታውን ግን ጥርት አድርጋ ሰማችው።

"ከፍ እንበል..."

"እስከ የት?" አለች።

"ምን አስቸኮለሽ? ታች ማን አለሽ?"

መልስ ፈለገች። የአንድ ሰው ስም... አንድ ብቻ። አጣች። እንባዋ መጣ።

"ማንም።"

"እንግዲያው አትውረጂ።"

ያኔ የዘአማኑኤል ራስ ደረቱ ላይ ዘፍ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

እሷ ብትቀር የሚጠይቃት የለም። እሱ ግን...

"ካፒቴን! ይውረዱ! ይውረዱ እንጂ!"

ካፒቴኑ ሳቁ። "ምን አለበት ልጄ... ምን አለበት..."

በትከሻቸው ላይ ተንጠራርታ መሪውን በሁለት እጇ ወደ ፊት ገፋችው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፋ። አንድ እጅ ክንዷን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሳባት...

አልለቀቀችም።

በሩ ብርግድ አለ። ነፋሱ ገባ።

ጎኗ ቀዘቀዘ።

ዝቅ እያሉ ሲሄዱ ካፒቴኑ ከሕልም እንደባነነ ሰው "የት ነን?" ብለው መሪውን ተቀበሏት። ዘአማኑኤልም ዓይኑን ገለጠ።

ማንም ሳይዘል አረፉ።

የሜዳው ጠባቂ ጋሽ ለሜሳ እያለከለኩ መጡ።

"ማን ነው የዘለለው?"

"ማንም አልዘለለም ጋሼ። ሦስታችንም ይኸው።"

ሽማግሌው አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

"ታዲያ... ያ ማን ነው?"

ደመና በሌለበት ሰማይ፣ ከአቃቂ በላይ፣ አንድ ነጭ ፓራሹት ተዘርግቶ ነበር።

አንገታቸው እስኪደነዝዝ ቆመው ጠበቁት።

አልወረደም።

እያነሰ... እያነሰ... ወደ ላይ ሄደ።