ባለ አሥራ አምስት ኢንቹ ስኔር

ከበሮ ጠጋኙ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱን ጠረጴዛው ላይ የታሰረው የዕቃ መያዣ ብረት፣ የሞርሳው ጥግ መትቶታል፤ ደሙ ወለሉ ላይ ረግቷል። ሰፈርተኛው «ጆሮ» ይለው ነበር፤ አንድ ከበሮ መታ አድርጎ ዕድሜውንም ዋጋውንም የሚናገር ሰው ነበርና። ሬሳውን ስድስት ሰዓት ላይ ያገኘው ማዶ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ከበርጩማው ወድቆ ነው» አለ ታናሽየው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። «ጋሼ ዕረፍ ሲሉት አይሰማም።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ወደ በርጩማው ዞረች። በርጩማው መስኮቱ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሟቹ ሸሚዝ ግን ደረቱ ላይ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰውበታል። አንድ ሰው ጨብጦት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ስኔር የሚባለው፣ ሲመቱት የሚንጫረር የነሐስ ከበሮ ተቀምጧል። ለካችው፤ ከተለመደው በአንድ ኢንች ሰፍቶ አሥራ አምስት ሆነ። ገልብጣ የታችኛውን ቆዳ አየችና መልሳ እንደነበረ አስቀመጠችው። አጠገቡ ያለው ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ቀፎው አንድ ወጥ ነሐስ፣ ብየዳ የለውም። ቀስ ብለው ሲመቱት ያንሾካሹካል፤ ሲያጠብቁበት እንደ ጅራፍ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ዋጋ፦» ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ፎቅ ላይ የምትኖረው አሮጊት ልብስ ሰፊ ጠዋት «ይሄ ከበሮ አንድ ቀን ያስገድልሃል!» ብላ በመስኮት ስትጮህበት መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።

«ብያለሁ፤ አልክድም ልጄ» አለች። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጭርርር፣ ጭርርር ሲያደርገው ጥርሴን አሳከከኝ። ኋላ ደነዘዘ።»

«ምኑ ነው የደነዘዘው?»

«ድምፁ ነዋ! ዱብ፣ ዱብ ብቻ። ከአራት ሰዓት በኋላ እሱም ቀረ። ተመስገን ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። አፌ ይቆረጥ!»

የከበሮው ባለቤት ባሏ ከበሮ መቺ የነበረ፣ ገና ከል ያላወለቀች ሴት ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ማዶ ያለው የጆሮ ወንድም መጀመሪያ አየውና ‹ስፋቱ ያልተለመደ ስለሆነ መለዋወጫ የለውም፤ ለብረት ካልሆነ አይረባም፤ ለባልሽ ስል እኔው ልውሰድልሽ› አለኝ። ልቤ አልቆርጥ ቢል እዚህ አመጣሁት። ጆሮ ሲመታው ዓይኑን ጨፈነ። ‹ስድስት ሰዓት ተመለሺ፣ ዋጋውን ጽፌ እሰጥሻለሁ› አለኝ።»

«እስከዚያ የት ነበሩ?»

«ከሦስት ተኩል ጀምሮ ብየዳ ቤት። እሱው ነው የላከኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻት። መርፌ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

በመጨረሻ ታናሽየውን ጠየቀችው። «ወንድምህ በሕይወት እንዳለ ያወቅከው እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ሰዓት። ከአራት ተኩል ጀምሮ ደንበኞች ይዘውኝ ከሱቄ አልወጣሁም። ያ ስኔር ሲንጫረር ግን ሰምቻለሁ።»

«ደንበኞችህስ ሰሙት?»

«እነሱ ጊታር እየሞከሩ ነበር። የለመደ ጆሮ ይፈልጋል።»

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም እዚያው ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ የደሙ ምልክት አልለቀቀም።

«ነገርን ከሥሩ ነው» አለች መርፌ፣ ከበሮውን በዱላው እየመታች። ዱብ አለ። «ጭርርር የሚለው የታለ?»

ከበሮውን ገለበጠችው። «ስኔርን የሚያንጫርሩት ከታችኛው ቆዳ ጋር የሚወጠሩት ሽቦዎች ናቸው። እዚህ የሉም። እመቤቴ፣ ያውጧቸው።»

ሴትየዋ ከቦርሳዋ ጥቅልል ሽቦዎች አወጣች። «ሁለቱ ተበጥሰው ነበር። ጆሮ ለዚህ ስፋት የሚሆን ሱቅ ውስጥ አይገኝም ብሎ ፈትቶ ሰጠኝ፤ በልኩ እንዲበየድ።»

«ብየዳ ቤቱ መስክሯል። ሽቦዎቹ ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት አካባቢ ከእጃቸው አልወጡም። እማማ ድምፁ ደነዘዘ ያሉን ለዚህ ነው፤ ዱላው ዝም ያለውም አራት ሰዓት ላይ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ግን አምስት ሰዓት ላይ ሲንጫረር ሰማህ። የሌለ ድምፅ የፈጠርከው፣ ከአራት ተኩል ወዲህ ምስክር ስላለህ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ነች ያስፈራችህ። ደብተሩ ላይ ዋጋው ቢጻፍ ውሸታም የሚባለውም አንተ ብቻ ነህ።»

«ዓይኑን በጨው አጥቦ ደግሞ ያለቅሳል!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰውየው በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። መሐረቡ ከእጁ ወደቀ።

«‹ከበሮው ከሱቅህ ዕቃ ሁሉ በዋጋ ይበልጣል› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ስንቷን ባል የሞተባት ሴት እንዲህ አታለልክ?› አለኝ። ለሰው እናገራለሁ ሲል ደረቱን ያዝኩት። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው… ‹ወንድሜ› እንኳ ሳይለኝ ቀረ።»

ባለከበሮዋ ሽቦዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ።

«እናታችን አልሰማችም» አለ ሰውየው እጆቹን እየዘረጋ። «ማነው የሚነግራት?»

«መኪናው በሷ በር ያልፋል» አለች መርፌ። «እናቆምልሃለን። አንተ ትነግራታለህ።»