ሦስተኛዋ ጅብራ

የሌዊ ሬሳ በፈረስ ተጭኖ ከጭላሎ ወርዶ አሰላ የገባው በሐምሌ አጋማሽ ነበር። ሌዊ የፊዚክስ መምህር ነው። ክረምቱ ፋታ በሰጠ ቁጥር ተራራው ላይ ወዳለችው ትንሽ ሐይቅ እየወጣ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብቅ የሚሉትን ከዋክብት ፎቶ ያነሳ ነበር። በዚያ ምሽት አብረውት የወጡት ሚስቱ ሐመልማል፣ ባልደረባው ብሩክና ፈረስ አከራዩ ሁሴኖ ናቸው። ሐመልማል «ባሌን ሐይቁ ውስጥ ገፍቶ የገደለው ሁሴኖ ነው» አለች። ለከተማው ይህ በቂ ነበርና ሁሴኖ ታሰረ።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ግን በሰው ወሬ ሰው ማሰር አትወድም።

«ጠዋት ከሟች ጋር ተጣልታችኋል» አለችው ሁሴኖን።

«ፈረሴን ረግረግ ሊያስገባ ሲል እምቢ አልኩ፤ በቃ! ማታ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጥኩ፣ ከውኃው ጎትቼ አወጣሁት። ወላሂ እትዬ፣ ዘገየሁ እንጂ አልገፋሁትም።»

ብሩክ የሟችን ካሜራ ከፈተላት።

«ራሱ በተከታታይ ያነሳል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ሠላሳ ሴኮንድ ሙሉ ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል። ጩኸቱን ከጉብታው ማዶ፣ ከራሴ ድንኳን የሰማሁት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ፎቶ አለ። ሁሴኖ አንዱም ላይ የለም። የት ነው የሮጠው?»

የሺሃረግ ፎቶዎቹን አየች። ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው፤ ከዋክብቱ ውኃው ላይ ወርደዋል። ማዶ ዳርቻው ላይ ሦስት ጅብራዎች ቆመዋል። ይህ ረጅም የደጋ ተክል በድንግዝግዝ ሰው ይመስላል።

«አንቺስ የት ነበርሽ?» ስትል ሐመልማልን ጠየቀቻት።

«በእኛ ድንኳን ውስጥ። ፎቶ ላይ አልሆንም፤ ‹ትንቀሳቀሻለሽ› እያለ ይቆጣኝ ነበር።»

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ካሜራውን ይዛ ተራራውን ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ቢሮዋ ሰበሰበች።

«ሌዊን የገፋው የለም። ዝናብ ያራሰው ዳርቻ ከእግሩ ሥር ተንዷል፤ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጭቃ የዚያ ነው። የሁሴኖ ዱካ የታተመው በተናደው አፈር ላይ ነው፤ ከናዳው በኋላ ደርሷል ማለት ነው።»

«ፎቶው ላይ ግን የለም» አለ ብሩክ።

«ትናንት በዚያው ሰዓት አንድ ፖሊስ በዚያው መንገድ አስሮጥኩ። ካሜራው አላየውም። ሠላሳ ሴኮንድ በሚፈጅ ፎቶ የሚሮጥ ሰው ይጠፋል፤ ትንሽ የተነቃነቀ ይደበዝዛል፤ ጥርት ብሎ የሚቀረው ቀጥ ብሎ የቆመ ብቻ ነው።» ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «እዚህ ሦስት ጅብራ አለ። ሐይቁ ዘንድ ቆጠርኩ፤ ሁለት ናቸው። በሦስተኛዋ ቦታ ሁለት ትንንሽ የጫማ አሻራዎች፣ ብዙ እንደቆመ ሰው ጠልቀው አገኘሁ።»

ብሩክ ወደ ሐመልማል ጫማ አየ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«‹ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁሚ፤ እስካፏጭልሽ እንዳትነቃነቂ› አለኝ» አለች። «ውኃው ሲንቦጫረቅ ፈረስ መሰለኝ። ከዚያ ‹ሐሙ! ሐሙ!› ብሎ ጠራኝ። ተነቃንቄ የተቆጣኝ መሰለኝና... ትንፋሼን ያዝኩ። ይበልጥ ቆምኩ።»

«ይህን መሸከም ሲያቅትሽ አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን መታሽ» አለች የሺሃረግ። በራሷ ቃል ግን አፈረች። «ሁሴኖ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ሁሴኖ ተነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ሐመልማልን «አላህ ያጽናሽ» አላት። እሷ አልሰማችውም፤ ዓይኗ ፎቶዎቹ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ በደንብ ይዩልኝ። አንዱ ላይ እንኳ አልደበዘዝኩም? ትንሽ እንኳ?»

የሺሃረግ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ደግማ አየች። መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም።

«አልደበዘዝሽም፣ ልጄ» አለቻት። «ሁሉም ላይ ጥርት ብለሻል።»