ሽርጣቸው ላይ የተቀመጡት ድንጋዮች

ወይዘሮ ኬሬሲያ ከገደሉ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ዓይናቸው ክፍት ነበር።

የኒያንጋ ተራራ ጉም ገና አልተነሣም። ሽርሽር የመጣ ሁሉ ፎቶ ከሚነሣበት ከላይኛው አጥር አንሥቶ ሬሳው እስካለበት ድረስ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ነው። በጎን በኩል ግን ዓሣ አጥማጆች የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ አለ።

«ወድቀው ነው» አለ ኮንስታብል ቴክሹር። «አሮጊት፣ ጉም፣ ገደል። ይኼ ምኑ ይመረመራል?»

ኢንስፔክተር ሙቻኔታ አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች። ስሟ «ትደክማላችሁ» ማለት ነው። እናቷ ለነገረኛ ጎረቤቶቿ መልስ እንዲሆን ያወጣችው ስም ነው ይባላል። ጎረቤቶቹ ይድከሙ አይድከሙ አይታወቅም፤ የኒያንጋ ወንጀለኞች ግን ደክመዋል።

ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የአሮጊቷ ጭንቅላት ተፈንክቷል፤ ሸሚዛቸውን እሾህ ቦጫጭቆታል፤ አንዱ ጫማቸው የለም። ሽርጣቸው ግን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ወርዶ፣ ልክ አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው ተስተካክሏል። ነፋስ እንዳይገልበውም ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ድንጋዮች ተቀምጠውበታል።

«ይኼን አንተ ነህ ያደረግኸው?»

«እኔ ምንም አልነካሁም። መጀመሪያ ያያቸው ላቭሞር ነው፣ አስጎብኚው። ከላይ አይቼ ጮኽኩ እንጂ አልወረድኩም ይላል።»

«ቴክሹር፣ አንተ የሞተ ሰው ብታገኝ መጀመሪያ ምኑን ትሸፍናለህ?»

«ፊቱን ነዋ።»

«ፊታቸው ክፍት ነው።»

ቀኝ እጃቸው የተነጨ ሣር ጨብጧል። እጃቸው የደረሰበት ሣር ሁሉ ተነጭቷል። እንደወደቁ አልሞቱም ማለት ነው። ራቅ ብሎ ጭቃው ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የሆነ የሁለት ጉልበት ምልክት ታትሟል። ሙቻኔታ እሱን ስታይ ብዙ ቆየች።

ቴክሹር በበኩሉ ሌባውን ይዣለሁ ብሎ ወደ ላይ ሮጠ። የሟቿ የሱፍ ሻል ላቭሞር ቤት ተገኝቷላ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የአስጎብኚው ከንፈር በጥፊ ደምቶ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ለቴክሹር አዲስ አይደለም፤ የሟቿን አማች፣ ባለመኪናውን እንግዳ፣ ገና ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ሻሉን ከየት አገኘኸው?» አለችው ሙቻኔታ።

«አጥሩ ላይ ተሰቅሎ። እንግዳ የረሳው መስሎኝ፣ ሚስቴን ብርድ ፈጅቷታል ብዬ አነሣሁት። ከዚያ ቁልቁል ሳይ…» ደሙን በእጁ ጠረገ። «ጮኽኩ። ሻሉን ግን መመለስ አፈርኩ።»

«አልወረድክም?»

«ኢንስፔክተር፣ እግዜር ያውቃል፣ ብወርድ ኖሮ የሱረት ዕቃቸውንም እወስደው ነበር። ብር ነው'ኮ።»

የብሩ የሱረት ዕቃ አሁንም አሮጊቷ ወገብ ላይ ታስሮ እንዳለ ሙቻኔታ አይታለች።

«ልቀቀው» አለች።

«ሌባ ነው እኮ» አለ ቴክሹር።

«ሌባ ነው። ሌባ ባይሆን አላምነውም ነበር።»

የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኞች ስለ ሟቿ ቤተሰብ ለመናገር ጉትጎታ አላስፈለጋቸውም። ቶንጋይ የሐራሬ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። ሚስቱን ሴካይንና አማቱን ይዞ መጀመሪያ ቆላ ጎናሬዡ ፓርክ ወርዶ ዝሆን አሳያቸው። ከዚያ ሙቀቱ ሲበዛ ቅዝቃዜ ፍለጋ እዚህ ተራራ ላይ አመጣቸው። ወጥ ቤት ውስጥ የተሳቀውን ሳቅ አትጠይቁኝ። አማቱን ሽርሽር የሚወስድ ወንድ ማን አይቶ ያውቃል? እዚህ አገር አማች አማቱን ዓይን ለዓይን አያይም፤ አብሯት አይበላም። ሲያገኛት ከሩቅ ተንበርክኮ እጁን እያጨበጨበ ሰላምታ ይሰጣል፤ የሚነግራትም በሚስቱ አፍ ነው።

«‹ዝሆኑ ደስ አላቸው ወይ በያቸው› ይላል» አለች ወጥ ቤቷ እየሳቀች። «እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው፣ ‹ጆሮው ትልቅ ነው በይው› ይላሉ። ምስኪኗ ልጅ እንደ ስልክ ሽቦ መሐል ሆና ቀረች።»

«ሰውየው እንዴት ነው?»

«ወግ አዋቂ። እንዲህ ያለ አማች ለሁሉም ይስጥ።»

ሴካይ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ከውስጥ የባሏ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ትጎትታለች። ሙቻኔታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማነው የሚመታሽ ብዬ አልጠይቅሽም» አለቻት። «እናትሽ ያውቁ ነበር ወይ?»

ሴካይ ወደ በሩ አየች።

«ጎናሬዡ አብረን ስንታጠብ ጀርባዬን አየችው። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።»

«ከዚያስ?»

«‹ከዚህ ሽርሽር ከእሱ ጋር አትመለሺም፤ እኔ ነኝ የምወስድሽ› አለችኝ። ‹ለእሱም ራሴ እነግረዋለሁ፣ ፊቱን እያየሁ› አለች።»

«ነገሩት?»

«እንጃ። ስነቃ ሁለቱም አልነበሩም። እሱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ነው፤ ዓሣም ይዞ መጥቷል።» ወደ ሙቻኔታ ጠጋ አለች። «ኢንስፔክተር፣ ወረቀቱ ላይ አደጋ ነው ተብሎ ከተጻፈ ከምሳ በኋላ እንሄዳለን ብሏል። እኔና እሱ ብቻ። እሷ ነበረች እዚያ ቤት ገብታ የምታወጣኝ፤ ሌላ ማንም የለኝም።»

ሙቻኔታ የያዘችው የጉልበት ምልክትና ድንጋይ ነው። በዚህ ብቻ ደግሞ የሐራሬን ባለ መኪና የሚያስር ዳኛ የለም። ሰውየው ወደ ቤቱ ከገባ ደግሞ የሚቀጥለው ሬሳ የማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። ተናደደች። ስትናደድ ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ቶንጋይ ምድጃው አጠገብ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሞቃል። ዓሣው ተጠብሶ ከፊቱ ቀርቦለታል።

«ይቀመጡ፣ ኢንስፔክተር። የአደጋውን ወረቀት ያምጡና ልፈርም። ጉም ነው፤ ከጉም ጋር ማን ይከራከራል?»

«አማትዎን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ማታ። ያውም ከሩቅ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ወንዝ ነበርኩ። ዓሣው ምስክሬ ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

ሙቻኔታ እያዘነች ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ነገር አለ። ለልጃቸው አልነገርኳትም፤ እርስዎ ወንድ ነዎት፣ ይቻሉት። ሲወድቁ ሽርጣቸው ተገልቦ እስከ ወገባቸው ራቁታቸውን ነው ያገኘናቸው።»

የቶንጋይ ሹካ አየር ላይ ቀረ።

«የእኔ ፖሊሶች አዩ፤ የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛም ወርዶ አየ። ጎረምሶቹ በስልክ ሁሉ አንሥተዋቸዋል፤ ምን ላድርግ? ፎቶው ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም። ሐራሬም ይደርሳል። የቶንጋይ አማት እየተባለ—»

«ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ተሸፍነዋል። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተሸፍነዋል። ነፋስ እንኳ እንዳይገልበው ድንጋይ…»

ሹካውን አስቀመጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«እኔ ድንጋይ አላልኩም» አለች ሙቻኔታ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ቀረ። «ገደሉ ሥር ሳትወርድ ድንጋዩን እንዴት አወቅህ?»

ግንባሩን ላብ አጠመቀው። መጀመሪያ የፈለቀው ግን ጸጸት ሳይሆን አቤቱታ ነው።

«አጥሩ አጠገብ፣ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በስሜ ጠሩኝ። ‹ቶንጋይ› አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። ‹ልጄን እንደ አህያ ትደበድባለህ፤ ዛሬ ይዣት እሄዳለሁ፤ ለሰፈርህም እናገራለሁ› አሉ። አማት እንዲህ ታደርጋለች? አንቺ ራስሽ ፍረጂ፣ ወግ አላት?»

«ገፋሃቸው።»

«አዎ።»

«ከዚያ ወረድህ። በሕይወት ነበሩ?»

እሳቱን አየ። «ሣሩን ይጎትቱ ነበር። ‹አንሣኝ› አሉኝ።»

«ለምን አላነሣሃቸውም?»

ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስል ነበር።

«አማቴን? እንዴት አድርጌ ነው አማቴን የምነካው? እግራቸው ተገልጦ ነበር፤ ፊቴን አዙሬ ሸፈንኳቸው። ተንበርክኬ፣ አጨብጭቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ስትገፋቸውስ አልነካሃቸውም?»

«በዓሣ መረቡ ዘንግ ነው» አለ። «እጄ አልነካቸውም።» ይህን ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር፤ አሁንም አመስግኑኝ የሚል ይመስላል። በዚያው መረብ ዓሣውን አውጥቶ፣ አስጠብሶ፣ ግማሹን በልቶታል።

የበረንዳው በር ተከፈተ። ሴካይ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች ማንም አልጠየቃትም፤ ፊቷ ሁሉንም ይናገራል።

ቴክሹር ገብቶ ካቴናውን አጠለቀለት። ወርቃማ ሰዓት ያለበት እጅ ላይ ካቴና ሲያስር የመጀመሪያው ስለሆነ መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ሳተው።

«ሴካይ፣ ጫማዬን» አለ ቶንጋይ፣ ሁልጊዜ በሚያዝዝበት ድምፅ።

እሷም እንደለመደችው ጎንበስ አለች። ጫማዎቹን ከምድጃው ሥር አነሣች። ክሩንም ልትፈታለት ተንበረከከች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ሴካይ» አለ።

ጫማዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሣች። ወደ ሙቻኔታ ዞረች።

«ኢንስፔክተር፣ ባዶ እግሩን መሄድ ይችላል?»

ውጭ ጠጠሩ ላይ ውርጭ ጋግሯል።

«ይችላል» አለች ሙቻኔታ።