ገብረወልድን አልቀበልም ያለው ኮምፒውተር

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ልብ ወለድ ነው የሚል ይበል፣ አልቆጣም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ውሸት ቢሆን ኖሮ ሌሊት አደርገው ነበር። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት... መብራት ጠፍቶ...» እል ነበር። አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መብራቱም ቦግ ብሎ በርቶ ነበር።

ቦታው ጎባ ነው። ጊዜው 1989 ዓ.ም፣ ነሐሴ ውስጥ። የጎባን የነሐሴ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ የራስህን አጥር እንኳ አታይም።

ስሜ ሠርከአዲስ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፕ እጽፋለሁ። «ኮምፒውተር ሊገባ ነው፣ ታይፒስት ሊቀነስ ነው» የሚል ወሬ ሲነፍስ እንጀራዬ ሊቀር ነው ብዬ ደነገጥኩ። ተሯሩጬ ጋሽ ኃይለየሱስ ዘንድ ተመዘገብኩ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ከአዲስ አበባ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ጭነው መጥተው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ከሁለቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የማሽኑ ጥቁር መስኮት፣ አረንጓዴ ፊደል። ሁለት መስመር አስጻፉኝ። አንዱ «ስሜን ጻፍ» ይላል፣ ሁለተኛው «ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ይላል። አንዲት ቁልፍ ነካሁ... ስሜ ከላይ እስከ ታች ሞላው! ሠርከአዲስ፣ ሠርከአዲስ፣ ሠርከአዲስ... አይቆምም።

«ኧረ ያስቁሙት ጋሼ!» እያልኩ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

«አትፍሪ» አሉኝ። «ማሽን ደደብ ነው። ያዘዝሽውን ብቻ ይሠራል። ከራሱ አንዲት ፊደል አይጨምርም።»

መስመሮቹን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያልን ነበር ቁጥር የምንሰጣቸው። ለምን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አንልም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በኋላ መሀል የሚገባ ነገር አይጠፋም። ቦታ ተዪለት።»

ያኔ እጮኛ ነበረኝ። ይርጋለም ይባላል፤ ሮቤ የሚያስተምር መምህር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣና ትምህርቴን እስክጨርስ በር ላይ ይጠብቀኛል።

«አካም ጅርታ ሠርኬ? ማሽኑን ነው የምታገቢው እኔን?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ። ማሽኑ ይሻለኛል፣ አይጨቀጭቅም።»

እወደው ነበር። ያደረግኩትን ከመናገሬ በፊት ይህን እወቁልኝ... በጣም ነበር የምወደው።

ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተቀጥረዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስከ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ተቆጥሮ አንድ አያት ከተገኘ አለቀ፤ እህትና ወንድም ናችሁ ይባላል። ሽማግሌው ከዘራውን አንስቶ ይሄዳል።

እናቴና የእሱ አባት ከሩቅ አገር የመጡ ስለሆኑ አያሰጉም። የሚያሰጋው የአባቴና የእሱ እናት ወገን ነው፤ ሁለቱም ባሌ የከረሙ ናቸው። የእኛው ግን ያን ያህል አላሳሰበኝም። ቅድመ አያቴን የወለደው ገብረወልድ ከሸዋ ከጦሩ ጋር የመጣ ወታደር ነው ሲባል ነው ያደግኩት። የይርጋለም እናት ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ የገሰራ ኦሮሞ ናቸው። ምን ሊያገናኘን?

ጋሽ ኃይለየሱስ «የምታውቁትን ሥራ በፕሮግራም ሠርታችሁ አሳዩኝ» ሲሉን ሳላቅማማ ሰባት ቤት ቆጠራን መረጥኩ።

ፕሮግራሙ የአባት ስም ይጠይቃል፣ የአያት ይጠይቃል፣ እንዲህ እያለ ሰባት ይሞላል። የእሱንም ሰባት ይሞላል። ከዚያ ያስተያይና «ዝምድና አለ» ወይም «ዝምድና የለም» ይላል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት...

ክፍሉ ውስጥ እኔና ጋሽ ኃይለየሱስ ብቻ ነበርን። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል።

ይርጋለም የእናቱን ወገን በወረቀት ጽፎ የሰጠኝን መጀመሪያ አስገባሁ። አሰገደች። ፈይሳ። ጅሎ። ሄባኖ... ከሄባኖ በላይ ያሉትንም። ማሽኑ ሁሉንም ዋጥ ዋጥ አደረጋቸው።

ወደ እኔ ዞርኩ። ተሰማ፣ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረው። ተቀበለ።

አበበ። ተቀበለ።

ገብረ ሥላሴ። ተቀበለ።

ገብረወልድ...

አልተቀበለም።

«ሪዱ ፍሮም ስታርት» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከመጀመሪያው ድገሚ ማለት ነው።

ደገምኩ። ተሰማ፣ አበበ፣ ገብረ ሥላሴ፣ እሺ። ገብረወልድ፣ ከመጀመሪያው ድገሚ!

«ጋሼ...»

መጥተው አዩት። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይህ የሚመጣው ቁጥር ሲጠይቅሽ ፊደል ከሰጠሽው ነው። እዚህ የሚጠይቀው ስም ነው። ሊመጣ አይችልም።»

ራሳቸው ቁጭ ብለው ጻፉ። ገብረወልድ። ከመጀመሪያው ድገም!

«ለማሽኑ ስም ሁሉ አንድ ነው» አሉ። «ማን ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?» በገብረወልድ ፈንታ «ውሻ» ብለው ጻፉ።

ተቀበለ።

ሳቅኩ። ጋሽ ኃይለየሱስ አልሳቁም።

እንደገና ገብረወልድ አሉ። አልቀበልም አለ። ውሻን እሺ ያለ ማሽን የቅድመ አያቴን አባት እምቢ አለ። ያኔ ነው ሳቄ የጠፋው።

«የጻፍሽውን ልየው» አሉና ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አስዘረዘሩት። ስልሳ፣ ሰባ፣ ከዚያ...

ሰባ አምስት።

ከሰባና ከሰማንያ መሀል አንድ መስመር ገብቷል።

«ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ድምፃቸው ወርዷል።

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም።»

መስመሩ «ሬም» በሚል ነው የሚጀምረው። ሬም ምን እንደሆነ አስተምረውኝ ነበር። ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው ተብሎ ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ከሬም ቀጥሎ ሁለት ስም አለ።

ቱፋ ሄባኖ።

ቱፋን አላውቅም። ሄባኖን ግን... አሁን፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት፣ በእነ ይርጋለም በኩል በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

«ሂጂና ትልልቆችሽን ጠይቂ» አሉኝ ጋሽ ኃይለየሱስ። ማሽኑን አላዩትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

የአባቴ ታላቅ እህት እማሆይ ወለተኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ስገባ ዳዊት እየደገሙ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩና በቀጥታ ጠየቅኩ።

«እማሆይ... ቱፋ ማን ነው?»

መጽሐፉን ዘጉት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማሽን።»

«ምን ማሽን? ማን ነገረሽ ነው የምልሽ!»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡና በሹክሹክታ ጀመሩ።

«አያቴ ገብረ ሥላሴ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ጦሩ መጥቶ ጎባ ላይ ሲሰፍር ለገብረወልድ አንድ ቤት ተሰጠው። የሄባኖ ቤት። ሰዎቹ ወደ ተራራው ሸሽተዋል። ምድጃው ላይ እሳቱ አልጠፋም ነበር አሉ።»

«ከዚያስ?»

«በሽሽቱ መሀል ልጅ ቀረ። ጡት ያልጣለ። እናቲቱ ወንዝ ወርዳ ነበር፤ ሌሎቹ ከእሷ ጋር ነው ብለው ጥለውት ሄዱ። ገብረወልድ ልጅ አልነበረውም። ክርስትና አስነሳው፣ ገብረ ሥላሴ አለው።»

«ቱፋ...»

«ቱፋ።»

እኔ የገብረወልድ ዘር አይደለሁም ማለት ነው። የሄባኖ ነኝ። ይርጋለምም የሄባኖ ነው።

«እናቱስ እማሆይ? አልፈለገችውም?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«መጣች እንጂ። በሩ ላይ ቆማ ልጄን አለች። ገብረወልድ "እዚህ ልጅ የለም" አላት። ሦስት ቀን ቆመች። እንዲህ ያለ ጉም ነበር አሉ። በአራተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ የለችም።»

«በሩ የት ነበር?»

«የእናትሽ ቤት በር አሁን ያለበት ነዋ! ቤቱ ፈርሶ ተሠራ እንጂ ግቢው ያው ነው።»

እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

«እና ምን ላድርግ? እሑድ ሊቆጠር ነው። ይርጋለምን ላጣው ነው?»

እማሆይ እጄን ያዙ። እጃቸው በረዶ ነው።

«መቶ ዓመት የሸፈነውን አንቺ አትክፈቺው። የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ። ዝም በይ ልጄ። ዝም አይነቅዝም።»

ፍርዳችሁን ስጡ እንግዲህ። እኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ልቤም ታውሮ ነበር።

በማግሥቱ ተመልሼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ለማጥፋት ቁጥሩን ብቻ ጽፎ የማስገቢያዋን ቁልፍ መምታት ነው። ሌላ ምንም አይፈልግም።

ሰባ አምስት።

መታሁ።

አስዘረዘርኩት። ሰባ፣ ሰማንያ... ጠፍቷል። ፕሮግራሙን አስነሳሁና ስሞቹን ከሁለቱም ወገን አስገባሁ። ገብረወልድ ላይ ስደርስ ማሽኑ ዝም አለ። ጠበቅኩ... ጠበቅኩ... ከዚያ ተቀበለ።

«ዝምድና የለም» አለኝ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ከኋላዬ መቆማቸውን አላወቅኩም ነበር።

«ምን አደረግሽ?»

«አጠፋሁት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ክፍል አልተመለስኩም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቤታችን ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩ ለእንግዳ ተከፍቷል፣ ከውጭ ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ወይዘሮ አሰገደች ዳር ተቀምጠዋል፤ ይርጋለም አንገቱን ደፍቶ በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

ከእነሱ ወገን አንድ አዛውንት ተነስተው ቆጠሩ። ሄባኖ ሲሉ ጆሮዬ ጮኸ። ቀጥሎ እማሆይ በምርኩዛቸው ተነሱ።

«ሠርከአዲስ የተሰማ፣ ተሰማ የአበበ፣ አበበ የገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ሥላሴ...»

ቆሙ።

ወደ በሩ እያዩ ነው።

«ገብረ ሥላሴ...» አሉ እንደገና።

እመብርሃን፣ ድረሽልኝ! እናቴ አየችኝ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«...የገብረወልድ» አሉ እማሆይ፣ የቀረውንም እስከ ሰባት ሞሉት።

እልልታው ቀለጠ። ይርጋለም ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ። እማሆይን ደግፌ ላስቀምጣቸው ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያቺን ሴት ለምን ግቢ አላላችኋትም?»

«የቷን ሴት?»

«በሩ ላይ የቆመችውን። "ኢልማ ኮ" ትላለች... ልጄን።»

ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም።

እማሆይ ሠርጌን አላዩም። ከመስከረም በፊት ዐረፉ። አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለይርጋለም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነን። አጠገቤ ተኝቶ እያየሁት ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው ሮቤ ነው። ወንድ።

በሦስተኛው ቀን ጡቴን እምቢ አለ። ፊቱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ሐኪም አየው፣ ምንም የለበትም። የቆርቆሮ ወተት ቢሞከር ተፋው። የእኔም ጡት በሁለት ሳምንት ደረቀ።

ልጁ ይሞትብኛል ብዬ አበድኩ።

ግን... አልከሳም። ሲመዘን ይጨምራል። ጉንጩ ሞላ። ክብደቱን የምትጽፈው ነርስ «ጎበዝ እናት፣ በደንብ እያጠባሽ ነው» ትለኛለች። ምን ልበላት?

አንድ ቀን ከሰዓት አልጋው ላይ አስተኝቼው ልብስ ላስገባ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ይርጋለም ትምህርት ቤት ነው። ጉሙ ወርዷል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልብሱን ታቅፌ ስገባ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ጉጥ... ጉጥ... ጉጥ...

ልጄ በጎኑ ተኝቷል። አፉ ይጠባል፣ ይውጣል። ትንሿ እጁ አየር ላይ የሆነ ነገር ጨብጣለች፣ ልክ የእናቱን ልብስ እንደያዘ ልጅ። ዓይኑ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። ፈገግ አለ።

ልብሱን ጣልኩና ብድግ አደረግኩት። አለቀሰ፤ እጁን ወደ አልጋው ዘረጋ።

ከንፈሩ ዳር ነጭ ነገር ነበር። በጣቴ ጠረግኩለት።

ወተት ነው። ገና ሞቃት ነበር።