ፖስትካርድ የሚሰርቅ ሌባ

የመስታወቱ ሣጥን ባዶ ነበር። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መስታወቱም አልተጫረም። ከፊደል ሁሉ ቀደምት የሚባሉት ምልክቶች የተቀረጹበት፣ ስንዝር የማይሞላ ድንጋይ ከሙዚየሙ ጠፍቷል።

ዳይሬክተሩ የዳይሬክተር ሥራ ሠራ፤ ዘበኛውን አሳሰረ።

«የሣጥኑ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ጋ፣ ዘበኛው ጋ፣ ድንጋዩን ያጠኑት ፕሮፌሰር ጋ። እኔ ዳይሬክተር ነኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ፕሮፌሰሩ ደግሞ ፕሮፌሰር ናቸው።»

«ስለዚህ የቀሩት ዘበኛው ናቸው።»

«እንዴት ደረሱበት!»

ዘበኛው፣ በቅጽል ስማቸው አባ ቆልፍ፣ ታስረው እንኳ የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል በር በደንብ መዘጋቱን ይፈትሹ ነበር። ከነገ ወዲያ የውጭ አጥኚዎች ድንጋዩን ሊያዩ ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተገኘ አባ ቆልፍ ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

«ድንጋይ ምን ሊያደርግልኝ፣ የኔ ልጅ? ጎረቤቴ የሚወረውረው ይበቃኛል» አሏት መርማሪዋን።

መርማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ዳይሬክተሩን ነው። ከባድ ቦርሳ መኪናው ውስጥ ሲጭን ታይቷል። አስከፈተችው። ከውስጥ የራሱ የዳይሬክተሩ ሐውልት ብቅ አለ።

«ለመግቢያው ነው» አለ ላብ እያጠመቀው። «ገና አልተፈቀደም።»

ወደ ሙዚየሙ ሱቅ ወረደች።

«የድንጋዩ ፖስትካርድ እሽጉ እንዳለ የለም» አለች ሻጯ። «ሌላው አልተነካም። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የነበረውንም የድንጋዩን ፎቶ ነቅለውታል። ከቤተ መጻሕፍት ደግሞ ፕሮፌሰሩ ስለሱ የጻፉት መጽሐፍ ጠፍቷል አሉ።»

መርማሪዋ ቆም አለች። ሊሸጥ የሰረቀ ሰው ፎቶውን ምን ያደርግለታል? ይሄ ሌባ የፈለገው ድንጋዩ እንዳይታይ ነው።

«አንድም አልተረፈም?»

«ይቺ ብቻ። ንፋስ እንዳይገባ የመስኮቱ ስንጥቅ ላይ ለጥፌያት ነው። ተዘቅዝቃለች፣ ይቅርታ።»

መርማሪዋ ፖስትካርዷን አየቻት። ደግማ አየቻት።

የፕሮፌሰሩ ተማሪ ነበረች። በበረሃ ማዕድን የሚቆፍሩ ተራ ሠራተኞች፣ ጌቶቻቸው ከሚጽፉባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ጥቂቱን ወስደው፣ የእያንዳንዱን ስም የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ አስቀርተው ፊደል እንደፈጠሩ፣ ነጋዴ ባሕር እንዳሻገረው፣ «አልፍ» የበሬ ራስ እንደነበር የነገሯት እሳቸው ናቸው። ይሄን ድንጋይም ተርጉመውታል፦ «የንጉሡ ጠላት በግንባሩ ተደፋ፤ በሬው ታረደ።»

መስኮቱ ላይ ግን የበሬው ቀንድ ወደ ላይ ነው። የተደፋው ጠላት በእግሩ ቆሟል።

ድንጋዩ ሣጥኑ ውስጥ በቆየበት ሠላሳ ዓመት ማንም አንገቱን አዘንብሎ አላየውም።

ፕሮፌሰሩ የቤታቸውን በር ራሳቸው ከፈቱ።

«ድንጋዩን፣ ጋሼ።»

ከሹራብ ውስጥ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አስተካክለው።

«መቼ አወቁ?»

«እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ላጸዳው አወጣሁት። ተገልብጦ አረፈ። እና... ሰውዬው ቆመ።» ዓይናቸውን ከድንጋዩ መለሱ። «ከሠላሳ ዓመት በፊት ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ዘቅዝቄ። እንግዶቹ ፊት መዋረዱን ፈራሁ።»

«አባ ቆልፍ ታስረዋል እኮ!»

«ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል...»

«እርስዎ ባያስተምሩኝ ኖሮ ዛሬ መስኮቱ ላይ ያየሁት የንፋስ መከላከያ ነበር። ለዚያ ዕድሜዬን ሙሉ አመሰግንዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። «አሁን ጫማዎን ያድርጉ።»

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የሚፈቱትና የሚገቡት ተገናኙ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ተዘቅዝቆ ነው የጠበቅኩት?» አሉ አባ ቆልፍ።

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቀና ሲልስ ምን ይላል?»

ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን በድንጋዩ መስመር ላይ ቀስ እያደረጉ አነበቡ። «‹እኔ ዓለት ቆራጩ፤ ውሃ ላቀበለኝ ሰው ምስጋና።›»

«በቃ? ንጉሥ የለም?»

«የለም።»

አባ ቆልፍ ቆሞ እጁን ወደ ላይ የዘረጋውን ሰውዬ ረዘም አድርገው አዩት።

«ለዚህስ ሌላም ሠላሳ ዓመት እቆምለታለሁ» አሉ። ሊወጡ ሲሉ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ። «ከፍራሾቹ በግራ በኩል ያለው ይሻላል።»